የሕክምና ወጪና የጤና መድን በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የተለቀሙት ከጎረቤት፣ ከባጃጅ ውስጥ ወሬና ሪፈራል ሆስፒታል በር ላይ ከሚቀመጡ አስታማሚዎች ነው። መልሱን በቢሮ አማርኛ ላለመጻፍ ሞክሬያለሁ። የመድኃኒትና የምርመራ ዋጋ ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ሕክምና ለምን እንዲህ ተወደደ?

ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ሐኪሞቹ ናቸው» የሚል ነው። አይደሉም። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ለካርድና ለሐኪም የሚከፈለው ዛሬም ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሹ ነው። ኪስ የሚያራግፈው መድኃኒትና ላብራቶሪ ነው።

አብዛኛው መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ሪኤጀንት (ለምርመራ የሚጨመረው ኬሚካል)፣ የምርመራ ማሽንና መለዋወጫው ከውጭ በዶላር ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን የሚተምነው በገዛበት ሳይሆን ነገ በሚገዛበት ዋጋ ነው። ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልተራመደም።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ እናት ከዳዬ መጡ እንበል። ካርድ አወጡ፤ ወረፋ ጠብቀው ሐኪም አያቸው፤ የደም ምርመራ ታዘዘ። ሁለቱ እዚያው ተሠራ፤ ሦስተኛው «ሪኤጀንት አልቋል፣ ውጭ አሠሩ» ተባለ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ከታዘዙት አራቱ አንዱ ተሰጣቸው። በቀሩት ሦስቱ ትይዩ በእስክሪብቶ «የለም» ተጽፎ ማዘዣው ተመለሰ። ልጃቸው ወረቀቱን ይዞ ከግቢው ውጭ ወደተደረደሩት ፋርማሲዎች ሄደ። ፋርማሲስቷ ካልኩሌተሯን ነካክታ ወደ እሱ አዞረችው። ልጁ ቁጥሩን አየና ሁላችንም የምናውቀውን ተናገረ፦ «እስቲ ለጊዜው የሦስት ቀኑን ስጪኝ።»

በዚህ ላይ ትራንስፖርት አለ። የአስታማሚ ምግብና አልጋ አለ። ልጁ ከሥራ የቀረበት ቀን አለ። እነዚህ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይወጡም። ሰው ግን በሬውን የሚሸጠው በእነዚህም ጭምር ነው።

እንደ አገር የጤናን ወጪ ማን ነው የሚሸፍነው?

በብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች መሠረት ነገሩ ሲሶ በሲሶ ነው ማለት ይቻላል። ሲሶ ገደማው ከመንግሥት፣ ሲሶ ገደማው ከውጭ ለጋሾች፣ ሲሶ ገደማው በቀጥታ ከታማሚው ቤተሰብ ኪስ። የዓለም ጤና ድርጅት ከኪስ የሚወጣው ከ20 በመቶ ባይበልጥ ይመርጣል። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር፤ እኛ ገና ነን። የለጋሾቹ ሲሶ እንደማያስተማምን ደግሞ በ2017 አሜሪካ እርዳታዋን በድንገት ስታቆም አይተናል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ማለት ምንድነው? ያው ዕድር አይደለም እንዴ?

በደመወዝ ለማይተዳደረው ሰው የተዘጋጀ ነው። ለአርሶ አደሩ፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጠው። በ2003 በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረና እየሰፋ ሄደ። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሲታመም በየመስኮቱ ብር አይቆጥርም።

ሐሳቡ በእርግጥም የዕድር ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል። ልዩነቱ ዕድር ላይ ገንዘብ ያዡን በስም ያውቁታል። ዓመት ሲደርስ ስብሰባ ተቀምጦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የጎደለው ድስት የት ነው ይባላል። በመድኑ ግን ያዋጣው ብር የት እንደደረሰ የሚያውቅ አባል ስንት ነው? እኔ ያነጋገርኳቸው አያውቁም። ብዙው ጥርጣሬ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ሰው ማዋጣት አይጠላም፤ የማያየውን ሣጥን ነው የሚጠላው።

እንዴት ነው አባል የምሆነው?

በቀበሌዎ በኩል። ምዝገባው በቤተሰብ ነው፤ «እኔን ብቻ መዝግቡኝ» አይሠራም። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይካተታሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ አብሮ ለሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ ተጨማሪ ይከፈላል። የመዋጮው ልክ በየጊዜው ስለሚከለስ፣ ከተማና ገጠርም ስለሚለያይ፣ የዘንድሮውን ከቀበሌው ይጠይቁ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ምዝገባና እድሳት ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከመኸር በኋላ ባሉት የበጋ ወራት በዘመቻ ይካሄዳል። ሁለተኛ፣ አዲስ አባል ዛሬ ከፍሎ ነገ አይታከምም፤ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ስለዚህ ሲያምዎት ተሯሩጠው ለመመዝገብ ካሰቡ አይሆንም። ይህ ክፋት አይደለም። ሁሉም ሲታመም ብቻ ቢከፍል ሣጥኑ በወሩ ባዶ ይሆናል።

ምን ይሸፍናል? ምን አይሸፍንም?

ውል ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምናን፣ ተኝቶ መታከምን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ላብራቶሪንና መድኃኒትን ይሸፍናል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና የሉበትም።

የሚያሳምመው ቋሚ የኩላሊት እጥበትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሌሉበት መሆኑ ነው። እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ ነው። አንድ ታማሚ የብዙ አባወራ መዋጮ ይጨርሳል፤ የመድኑ ሰዎች የሚያነሱት ስሌት ይህ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ሰው ቤት ንብረቱን የሚሸጠው ለጉንፋን አይደለም። በየአውቶቡሱ ፎቶና የሐኪም ማስረጃ ይዘው የሚለምኑት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። መድን ለትንሹ ሕመም ደርሶ ለትልቁ ካልደረሰ በሌላ በጀት መሞላት አለበት ባይ ነኝ፤ ከአባወራ መዋጮ አይወጣም።

ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ካርዱ እውነተኛ ጥቅም አለው። ኢንሱሊን፣ ሜትፎርሚን፣ አምሎዲፒን በየወሩ ለሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ከተገኘ መዋጮውን በጥቂት ወራት ያስመልሳል።

መድን ከፍዬ ለምን «ከውጭ ግዙ» እባላለሁ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ንዴቱም የተገባ ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ እንከተለው። መዋጮዎ የሚገባው በወረዳ ወይም በከተማ ደረጃ ወዳለ ቋት ነው። ሆስፒታሉ መጀመሪያ ያክምዎታል። ቀጥሎ የእርስዎንና የሌሎችን ሂሳብ ሰብስቦ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል። ሂሳቡ ይመረመራል። ከዚያ ይከፈላል። ክፍያው ሲጓተት ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ብር ያጣል። ከ1990ው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ወዲህ ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ስለተፈቀደ መደርደሪያው በዚያ ገንዘብ ላይ ይንጠለጠላል።

ብሩ ቢኖርም አላለቀም። የመንግሥት ተቋም መድኃኒት በዋናነት የሚገዛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ሐዋሳ ላይም ቅርንጫፍ አለው። እዚያ ከጠፋ ከግል አስመጪ መግዛት ይቻላል፤ ግን ጨረታ፣ ኮሚቴ፣ ፊርማ አለ። በዚያ መሐል ዋጋው ይጨምራል፣ አሸናፊው «በዚህ ዋጋ አላቀርብም» ይላል፣ እንደገና ከዜሮ። ግቢው ውስጥ የጠፋው መድኃኒት ከበሩ ውጭ ያለ ፋርማሲ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። የግሉ ስልክ ደውሎ ነው የሚገዛው። ሁልጊዜ ሌብነት አለ ማለት አይደለም፤ የለም ማለትም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የማይጥም እውነት አለ። መዋጮው ለዓመታት ዝቅ ብሎ ቆይቷል፤ የመድኃኒት ዋጋ ግን አልጠበቀውም። ስለዚህ ክርክሩ ክብ ሆኗል። ባለሥልጣኑ «መዋጮው ይጨመርና መድኃኒት እንሙላ» ይላል። አባሉ «መጀመሪያ መድኃኒቱን አሳዩኝ» ይላል። እኔ ከአባሉ ጋር ነኝ። በየሦስት ወሩ ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ሆስፒታል ስንት እንደተከፈለና የትኞቹ መድኃኒቶች እንደጠፉ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ስለ ጭማሪ ማውራት ይቻላል።

እስከዚያው የሚጠቅምዎት፦ መድኃኒቱ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው እንዲጽፉልዎትና ማኅተም እንዲያደርጉበት ይጠይቁ። ከውጭ ሲገዙ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ሁለቱን ይዘው የመድኑ ጽሕፈት ቤት ተመላሽ ይሰጥ እንደሆነ፣ ውል ያለው ፋርማሲም ካለ ይጠይቁ። ተመላሽ ቢከለከሉም እንኳ ያ ወረቀት ለቅሬታ ማስረጃ ነው። ባዶ እጅን የሚሰማ የለም።

በቀጥታ ሪፈራል ብሄድስ?

ድንገተኛ ካልሆነ አይሂዱ። አሠራሩ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አዳሬ፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል። ሪፈር ሳያጽፉ ከዘለሉ መድን ቢኖርዎትም ከወጪው ከፊሉን ወይም ሁሉንም ከኪስዎ ይከፍላሉ። ሰው ለምን እንደሚዘል ይገባኛል። ጤና ጣቢያው «ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሚሰጡት» የሚል ስም አለው። ሰልፉ ግን ሪፈራል ላይ ይብሳል፤ ሐኪሙም ለጉንፋን የሚሰጥዎትን ደቂቃ ከሌላ ሰው ላይ ነው የሚቀንሰው።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። እኔስ?

እርስዎን የሚመለከተው ማኅበራዊ የጤና መድን ነው። አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ነው። ሐሳቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። ደመወዝዎ 10,000 ብር ከሆነ በወር 300 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ለጡረተኛ 1 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ ሌላ 1 በመቶ። ወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። ይጀመራል ሲባል ግን ይራዘማል፤ ደግሞ ይጀመራል፣ ደግሞ ይራዘማል።

ምክንያቱ የሠራተኛው ተቃውሞ ነው። መምህሩም ነርሱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ ደግሞ መድኃኒት ለሌለበት ሆስፒታል ትቆርጡብኛላችሁ?» ጤና ባለሙያው ራሱ በግንቦት 2017 በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሷል። የሚያክመው ሰው መታከሚያ የሌለው ከሆነ ነገሩን ያስቡት።

ስለዚህ ደመወዝተኛው መሐል ላይ ነው። ለማኅበረሰብ አቀፉ «ደመወዝተኛ ነህ» ይባላል፤ የራሱ ደግሞ ገና ነው። ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ፣ ቤት ኪራይ ከፍላ ለቤተሰቧ ልካ፣ አንድ ታይፎይድ ወሯን ያፈርሰዋል። እሷ ማወቅ ያለባት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያላትን መብት ነው። የሐኪም ማስረጃ ካላት የሕመም ፈቃዱ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ የሕክምናውን ወጪ የሚችለው አሠሪው ነው። ማሽን ጣቷን ቢጎዳት «ከራስሽ ታከሚ» ማለት አይቻልም።

መድን ካልከፈልኩ ቀበሌ ጉዳዬን አይጨርስልኝም ይባላል። እውነት ነው?

እንዲህ ያለ ቅሬታ ይሰማል። ለመታወቂያ የሄደ ሰው «የመድን ካርድህስ?» ተባለ የሚል። ጽንሰ ሐሳቡ ይገባኛል፤ ሁሉም ካልገባ ሣጥኑ አይሞላም። በግዴታ ይሁን ከተባለ ግን በግልጽ በሕግ ይሁን፣ በደብዳቤ መከልከያ አይሁን። መዋጮው ለሁሉም እኩል ሲሆንም ጥያቄ ያስነሳል። ባለ ፎቁና ጀበና ይዛ ቡና የምትሸጠው አንድ ዓይነት ብር ሲያዋጡ ሸክሙ አንድ አይደለም። እንደ ገቢው ይለያይ የሚለው ሐሳብ የሚሻል ይመስለኛል፤ ከባዱ ገቢን ማወቁ ነው።

ምንም ከሌለኝስ?

መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። የሚመረጡት በቀበሌ ደረጃ በማኅበረሰቡ ምስክርነት ነው። የነጻ ሕክምና ወረቀትም በዚያው መንገድ ይገኛል። ወረቀቱን ጤነኛ እያሉ ያውጡ። ታማሚ አልጋ ላይ ተኝቶ ልጁ ቀበሌ ሊቀመንበር ሲያሳድድ ማየት የተለመደ ነው፤ ሊቀመንበሩም ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ያለ መድንም ነጻ የሆነ ምን አለ?

ብዙ ሰው ሳያውቅ ይከፍላል። የእርግዝና ክትትል፣ ጤና ጣቢያ መውለድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢ፣ የሥጋ ደዌ እና የኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም ነጻ ናቸው። ከተጠየቁ «በምን ምክንያት?» ይበሉ፤ ደረሰኝም ይጠይቁ።

ባጃጅ ገጨኝ። ማን ይከፍላል?

ሐዋሳ ላይ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የሚሸፍነው እስከ 2,000 ብር ነበር። ያኔ ይህ ደህና ብር ነበር። የዛሬውን ልክ ይጠይቁ። ምንም ቢሆን ሰሌዳውን ይያዙ፣ ፖሊስ ይመዝግበው፤ ለአካል ጉዳት ካሣ መነሻው ያ ነው። በሽምግልና «መድኃኒት መግዣ» ተቀብለው ከመለያየትዎ በፊት ሐኪም ይይዎት።

የግል ሆስፒታል ይሻላል?

ለፍጥነት፣ አዎ። በመድን ካርድዎ ግን አይታከሙበትም። የመንግሥት ሆስፒታሎችም ከሥራ ሰዓት ውጭ ከፍ ባለ ክፍያ የሚያክሙበት የግል ክንፍ አላቸው። ሐኪሙ ገቢ እንዲያገኝና እንዳይለቅ ታስቦ ነው። «የጠዋቱ ቀጠሮ ሦስት ወር፣ የማታው ዛሬ» ሲሆን ግን ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

የመድኃኒት ወጪዬን እንዴት ልቀንስ?

ፋርማሲ ገብተን የምንጠይቀው «የጀርመን አለ? የህንድ ነው?» ነው። ይልቅ ማዘዣውን ይስጡና «በዚሁ መድኃኒት ረከስ ያለ ምርት አለ?» ይበሉ። አምሎዲፒን የየትም ይሁን አምሎዲፒን ነው፤ ዋጋው ግን በአምራቹ ስም ብቻ በብዙ ይለያያል። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሦስት ፋርማሲ ይጠይቁ፤ ቀይ መስቀል ፋርማሲንም አይዝለሉ። ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ግን ግማሽ ገዝተው አይተዉት። የሦስት ቀኑን ብቻ መግዛት ግድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከመጀመሪያው በአቅምዎ የሚሆን ሊያዝልዎት ይችላል። ሐኪም ዋጋ አይጠይቅም፣ ታማሚ አፍሮ አይናገርም፤ በዚህ መሐል ነው ብዙ መድኃኒት ሳይገዛ የሚቀረው።

የሻሸመኔ መድን ካርድ ሐዋሳ ላይ ይሠራል?

ይሠራል ወይም አይሠራም የሚያሰኘው ውል ነው። የእርስዎ ወረዳ ወይም ከተማ ቋት ከሆስፒታሉ ጋር ውል ካለውና ሪፈር ካጻፉ ይሠራል። ከሌለው ከኪስ ነው። ሪፈራሉ ከሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከኦሮሚያና ከሌሎች አጎራባች አካባቢዎችም ስለሚያክም ይህ ጉዳይ በየቀኑ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያጨቃጭቃል። ቋቱ በየወረዳው ከሚበታተን በክልል ደረጃ ይጠቃለል የሚባለው አንዱ ለዚህ ነው፤ ትንሽ ቋት ሁለት ከባድ ታማሚ ካጋጠመው ይናጋል። ከመነሳትዎ በፊት ሪፈር የሚጽፍልዎትን ጤና ጣቢያ «ከሐዋሳ ጋር ውል አለን?» ብለው ይጠይቁ፤ ካርዱና ሪፈሩ ላይ ያለው ስምም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን ይዩ።